የጣሪያው ማዕዘን ለምን አልገጥም ይላል? የንድፍ ሶፍትዌር ላይ የሚያስቸግረው ጥግ ሲብራራ

ቤቱን ኮምፒውተር ላይ ነድፋችሁ ጨርሳችኋል እንበል። ግድግዳው ቆሟል። በርና መስኮቱ ገብቷል። የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። ጣሪያውን ስታስቀምጡበት ሦስቱ ማዕዘኖች ቁጭ ይላሉ፤ አራተኛው ግን አሻፈረኝ ይላል። አንዱ ጠርዝ ከሌላው ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ወይም ከላይ የሚወርደው የማዕዘን መስመር ጥጉ ላይ መድረስ ሲገባው ሳይደርስ ጎኑ ላይ ያርፋል።

ይሄ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሮ ከፍቶ ለሚሠራ ነዳፊም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሮጀክቱን ለሚያዘጋጅ ተማሪም እኩል የሚያጋጥም ነገር ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሶፍትዌሩን መውቀስ ነው። ቀጥሎ ጥጉን በማውዝ ይዞ መጎተት ይጀምራል። ይሄኛው ሲገጥም ያኛው ይለቃል፣ ያኛው ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል፤ ሲመሽ ፋይሉ ከጠዋቱ የባሰ ሆኖ ያድራል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዕዘኑን ማንም አይሥለውም። ሶፍትዌሩ ከሌሎች ቁጥሮች አስልቶ ነው የሚያወጣው። ማዕዘኑ አልገጠመም ማለት ከቁጥሮቹ አንዱ ከሌላው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። መታየት ያለባቸው እንግዲህ ቁጥሮቹ ናቸው።

የትኛው ማዕዘን? የትኛው ጠርዝ?

መጀመሪያ ቃላቱን እንስማማባቸው። የማወራው ውሃው ወደ አራቱም ጎን ስለሚወርድበት ጣሪያ ነው። ሁለት ጎን ብቻ ያለው ጣሪያ ይሄ ችግር ብዙም የለበትም፣ ምክንያቱም ጥጉ ላይ ሁለት ተዳፋት አይገናኙም።

ተዳፋት ማለት የጣሪያው ዘንበል የማለት መጠን ነው። 25 ዲግሪ ተዳፋት ማለት ጣሪያው ወደ ጎን አንድ ሜትር ሲሄድ ወደ ታች 46.6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ታዛ የምለው ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣውን ነው፤ ሶፍትዌሮቹ ኦቨርሃንግ ይሉታል። ጠርዝ የታዛው የመጨረሻ ጫፍ ነው፣ አሸንዳ የሚታሰርበት ቦታ። የግድግዳ አናት ደግሞ ጣሪያው የሚያርፍበት ከፍታ ነው፤ በብሎኬት ቤት ብዙ ጊዜ የቶፕ ታይ ቢሙ፣ ማለትም ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው የኮንክሪት ማሰሪያ፣ የላይኛው ፊት ማለት ነው።

ሁለት ተዳፋቶች ውጫዊ ጥግ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረው ወጣ ያለ መስመር የማዕዘን መስመር ነው፤ ሬቪትና አርኪካድ የሚባሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች ሂፕ ይሉታል። ወደ ውስጥ በገባ ጥግ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ውሃ የሚሰበሰብበት ሸለቆ ይፈጠራል፤ እሱ ቫሊ ነው።

የድሮው ክብ ቤት ይሄ ጣጣ የለበትም። ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትም፣ ገጠር ያለው ጎጆም ማዕዘን ስለሌላቸው ጣሪያቸው ዙሪያውን በአንድ ተዳፋት፣ በአንድ ታዛ ይወርዳል። ጥያቄው የመጣው ከአራት ማዕዘን ቤትና ከቆርቆሮ ጋር ነው።

ለመሆኑ ሶፍትዌሩ ጣሪያውን እንዴት ነው የሚሠራው?

ሬቪትን እንውሰድ። ጣሪያውን በወለል ፕላን ላይ ስትሠሩ ለያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ ተዳፋቱን፣ ታዛውንና ጣሪያው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ከፍታ። ሶፍትዌሩ ከያንዳንዱ ግድግዳ አናት ተነስቶ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ መሃል ያዘነብላል። ያንኑ ገጽ ወደ ታችም ወደ ውጭ ይዘረጋዋል፣ እስከ ታዛው ጫፍ ድረስ። አራት ግድግዳ ካለ አራት ገጽ ይኖራል። ገጾቹ እርስ በርስ የሚቆራረጡበት ቦታ የማዕዘን መስመር ይሆናል። በቃ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

አርኪካድ ላይ ገጹ የሚነሳበት መስመር ፒቮት ላይን ይባላል። አሠራሩ ያው ነው፦ ገጹ በዚያ መስመር ላይ ታጥፎ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል።

አሁን ልብ በሉ። ገጹ የሚታጠፈው ግድግዳው ላይ ነው፣ ጠርዙ ላይ አይደለም። ጠርዙ የት ከፍታ ላይ እንደሚያርፍ እናንተ በቀጥታ አልተናገራችሁም። እሱ የተዳፋትና የታዛ ብዜት ውጤት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ታዛ በ25 ዲግሪ ከግድግዳው አናት 28 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አራቱም ጎን ተዳፋታቸውም ታዛቸውም ከፍታቸውም እኩል ከሆነ አራቱም ጠርዝ እኩል 28 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ማዕዘኑም ከላይ ሲታይ በትክክል 45 ዲግሪ ሆኖ ጥጉ ላይ ያርፋል። ከሦስቱ አንዱ ሲለያይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ነጠላ አይታችሁ ከሆነ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የሚሠራው። የሁለቱ ጥለት በአንድ ጣት ከተዛነፈ ጫፉን ይዞ መሳብ አያስተካክለውም፣ ይቋጥረዋል እንጂ፤ ሸማኔው የሚያየው ጥለቱ ሲሸመን ከየት እንደጀመረ ነው። ጣሪያውም ላይ የምትፈልጉት ገጹ ከየት እንደተነሳ ነው።

የፊቱን ታዛ ብቻ ባሰፋው ምን ይሆናል?

ይሄ እኛ ሰፈር በጣም የተለመደው ነው። ባለቤቱ ከፊት ለፊት ሰፋ ያለ ታዛ ይፈልጋል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚቀመጥበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ጫማ የሚወልቅበት። ነዳፊው የፊቱን ታዛ ከ60 ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። ሌላ ምንም አልነካም።

እስቲ ያንን አንድ ጥግ ጠጋ ብለን እንየው። ተዳፋቱ በሁሉም ጎን 25 ዲግሪ ነው። የጎኑ ታዛ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጠርዙ ከግድግዳው አናት 28 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የፊቱ 120 ስለሆነ 56 ይወርዳል። የፊቱ ጠርዝ ከጎኑ ጠርዝ 28 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። አንድ ሙሉ ስንዝር ያልፋል።

የማዕዘኑ መስመርስ? ተዳፋቱ እኩል ስለሆነ በ45 ዲግሪ ነው የሚሄደው። ከግድግዳው ጥግ ተነስቶ 60 ወደ ጎን፣ 60 ወደ ፊት ይወጣል። እዚያ ሲደርስ የጎኑ ታዛ አለቀ። የፊቱ ታዛ ግን ገና 60 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። ስለዚህ መስመሩ የጣሪያው ጥግ ላይ ሳይደርስ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው፣ የጎኑ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፊቱ ገጽ ብቻውን ነው፤ ጎኑ ተቆርጦ በሰያፍ ይታያል። ተማሪዎች «ጥጉ ተሰበረ» የሚሉት ይሄንን ነው።

ሶፍትዌሩ እዚህ ላይ ምንም አላጠፋም። የነገራችሁትን ነው የሠራው።

መውጫው ምንድን ነው? ሬቪት ላይ የጣሪያውን ስኬች (የዙሪያውን መስመር ሥዕል) ስትከፍቱ አላይን ኢቭስ፣ ማለትም ጠርዞቹን አስተካክል፣ የሚል ትእዛዝ ታገኛላችሁ። እሱ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። አንደኛው ታዛውን በማሳጠር ወይም በማስረዘም ጠርዞቹን እኩል ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተዳፋቱ እኩል ስለሆነ የፊቱ ታዛ ተመልሶ 60 ይሆናል፣ ባለቤቱ የጠየቀው ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ከፍታውን ማስተካከል ነው፤ የፊቱ ገጽ የሚነሳበት ቦታ 28 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ያኔ ጠርዞቹ ይገናኛሉ፣ መስመሩም ጥጉ ላይ ያርፋል። ነገር ግን የፊቱ ግድግዳ አናትም እውን ሆኖ 28 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ቶፕ ታይ ቢሙ ከፊትና ከጎን በተለያየ ከፍታ ሊሞላ ነው። ያንን ለስትራክቸር መሐንዲሱ ሳትነግሩ ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ብታስተካክሉት ችግሩን ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ ሳይቱ ላይ ነው የጣላችሁት።

እኔ ብጠየቅ ሦስተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፦ ዋናው ጣሪያ ዙሪያውን በ60 ሴንቲ ሜትር ታዛ ይሥራ፤ የፊቱ ሰፊ ታዛ ለብቻው፣ በራሱ ምሰሶ፣ ከዋናው ጠርዝ ሥር ዝቅ ብሎ የሚገባ ሌላ ጣሪያ ይሁን። ማዕዘኑ ንጹሕ ይሆናል፣ ለአናጢውም ይቀላል። ወጪው ትንሽ ይጨምራል፣ እውነት ነው።

ግድግዳውን ልምረጥ ወይስ መስመሩን በእጄ ልሣለው?

ከላይ ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ፒክ ዎልስ በሚለው የሬቪት ትእዛዝ ግድግዳዎቹን መርጣችሁ ጣሪያውን ስትሠሩ ነው። የጣሪያውን ዙሪያ ራሳችሁ በመስመር ከሣላችሁት ሬቪት ሌላ ነገር ያደርጋል። ግድግዳውን አያውቀውም። ገጹን የሚያነሳው ከሣላችሁት መስመር፣ ማለትም ከጠርዙ ነው።

ያኔ ጠርዞቹ ሁሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሆናሉ፣ ማዕዘኑም በሚያምር ሁኔታ ይገጥማል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተገላገልኩ ይላል። አንድ ሴክሽን (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ሥዕል) ቆርጣችሁ እዩት ግን። በ25 ዲግሪ፣ 60 ሴንቲ ታዛ ባለበት ጎን ጣሪያው ግድግዳው ላይ ሲደርስ ከጠርዙ 28 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። 120 ባለበት ጎን 56 ከፍ ብሏል። አንዱ ግድግዳ ጣሪያውን ሲነካ የሌላው ግድግዳና የጣሪያው መሃል 28 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። ያው 28 ሴንቲ ከጠርዙ ወደ ግድግዳው ዞረ እንጂ የትም አልሄደም። ወፍ የምትገባበት ቀዳዳ ሆነ።

ለዚህ ነው አንድ ጣሪያ ላይ የተመረጡና በእጅ የተሣሉ መስመሮችን መቀላቀል ትልቅ ራስ ምታት የሚሆነው። ግማሹ ገጽ ከግድግዳው ይነሳል፣ ግማሹ ከጠርዙ። የሁለቱ መገናኛ ጥግ በምንም ተአምር አይገጥምም።

የጣሪያዎቹን የላይኛ ጫፍ እኩል ለማድረግ ተዳፋቱን ብቀይርስ?

የኤል ቅርጽ ያለው ቤት ነው እንበል። አንዱ ክንፍ 8 ሜትር ስፋት አለው፣ ሌላው 6 ሜትር። ሁለቱም 25 ዲግሪ። የሰፊው ክንፍ የላይኛ ጫፍ ከግድግዳው 1.87 ሜትር ከፍ ይላል፤ የጠባቡ 1.40 ሜትር። ልዩነቱ 47 ሴንቲ ሜትር ነው። ይሄ ስህተት አይደለም፤ ጠባብ ክንፍ ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ነው።

ባለቤቱ ግን በሥዕሉ ላይ አይቶት «ይሄ ለምን ዝቅ አለ? እኩል አድርጉልኝ» ይላል። ነዳፊው የጠባቡን ክንፍ ተዳፋት ያቆመዋል። እኩል እንዲሆን ወደ 32 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በአንድ ሜትር 62 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ማለት ነው። ጫፎቹ ተገናኙ። ታች ግን ሁለት ነገር ተቀየረ።

አንደኛ፣ ታዛው በሁለቱም በኩል 60 እንደሆነ ከቀረ በለስላሳው ጎን ጠርዙ 28 ሴንቲ ይወርዳል፣ በዳገታሙ ጎን 37። ጥጉ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መጣ። ሁለተኛ፣ የማዕዘን መስመሩ ከላይ ሲታይ 45 ዲግሪ መሆኑ ቀረ። ወደ ዳገታሙ ጎን ይጠጋል። ከለስላሳው ግድግዳ 4 ሲርቅ ከዳገታሙ 3 ብቻ ነው የሚርቀው። የሸለቆውም መስመር እንደዚያው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መምረጥ ግዴታ ነው። ተዳፋቱ ከተለያየ እኩል ታዛና እኩል ጠርዝ አብረው አይኖሩም፣ የግድግዳው አናት እኩል እስከሆነ ድረስ። ወይ ታዛውን እኩል አድርጋችሁ የ9 ሴንቲውን ልዩነት ትቀበላላችሁ፣ ወይ ጠርዙን እኩል አድርጋችሁ የዳገታሙን ጎን ታዛ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ታሳጥራላችሁ። 60 ለ45 ብታካፍሉት ያው 4 ለ3 ነው፤ ስለዚህ የማዕዘን መስመሩ ራሱ እየመጣ ጥጉ ላይ ያርፋል። ምንም መጎተት አያስፈልግም።

እኔ ጠርዙን እኩል ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። የ15 ሴንቲ ሜትር የታዛ ልዩነት ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው እምብዛም አይታወቅም። ጠርዝ ሲዛነፍ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፣ አሸንዳውም ጥጉን መዞር ያቅተዋል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ለባለቤቱ ዝቅ ያለው ጫፍ ጉድለት እንዳልሆነ አስረድቶ 25 ዲግሪውን እንዳለ መተው ነው።

ቁጥሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ አሁንም አልገጠመም። ለምን?

እኩል የሚመስሉ ግን እኩል ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

ዋናው የግድግዳው አቅጣጫ ነው። ፕላኑ ከአውቶካድ የመጣ ከሆነ፣ ያውም በእጅ ከተለካ አሮጌ ቤት ላይ የተሣለ ከሆነ፣ 90 ዲግሪ የሚመስለው ጥግ 89.8 ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም። 12 ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ ላይ ግን 0.2 ዲግሪ ማለት ጫፉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሬቪት ይሄንን ሲያገኝ መስመሩ ከአቅጣጫው ትንሽ ወጥቷል ብሎ ያስጠነቅቃል። ያቺን ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚዘጋት። አንብቧት። የፕሮጀክቱን የዲግሪ አሃድ ወደ ሦስት ዴሲማል ቀይሩና ግድግዳዎቹን እንደገና ለኩ፤ 90 ይል የነበረው 89.812 ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል።

ሌላው የግድግዳው ውፍረት ነው። የፊቱ ግድግዳ በድንጋይ ተለብጦ 28 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ የጎኑ 20 ሴንቲ ብሎኬት ብቻ ነው እንበል። ሬቪት ራፍተር ወይስ ትራስ ብሎ የሚጠይቀው ምርጫ አለ። ራፍተር ከሆነ ከፍታውን ከግድግዳው ውስጠኛ ፊት ይለካል፤ ትራስ ከሆነ ከውጭኛው። ራፍተር ላይ ከሆነና ታዛውን ከውጭ ፊት ከለካችሁ፣ የ8 ሴንቲ የውፍረት ልዩነት በ25 ዲግሪ ጠርዙ ላይ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ትራስ ስትሉት ልዩነቱ ይጠፋል። በአንዲት ክሊክ የሚፈታ ነገር ላይ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው።

ጣሪያውን በሁለት ከፍላችሁ ከሠራችሁት የተቀመጡበትን ሌቭል (የከፍታ መነሻ) እና ከሌቭሉ ያላቸውን ከፍታ አስተያዩ። አንዱ ከወለሉ ሌቭል 3 ሜትር፣ ሌላው ከቶፕ ታይ ቢም ሌቭል ዜሮ ተብሎ ከሆነ የሚገጥሙት በአጋጣሚ ብቻ ነው።

የዲግሪና የፐርሰንት ነገርም አለ። 25 ፐርሰንት ማለት 14 ዲግሪ ነው። አንዱን ጎን በዲግሪ፣ ሌላውን በፐርሰንት አስባችሁ 25 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጣሪያው የሚሆነውን አታምኑም።

በመጨረሻ፣ የዙሪያው መስመር ጥጉ አካባቢ ተቆርጦ የሁለት ወይም የሦስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ያቺ ቁራጭ ለራሷ ተዳፋት ካላት የራሷ ቀጭን ገጽ ታወጣለች፣ ማዕዘኑም ድርብ መስመር ይሆናል። ስኬቹን ከፍታችሁ ጥጉን በደንብ አቅርባችሁ እዩ። ካለች አጥፏትና ሁለቱን መስመሮች ትሪም በሚለው ትእዛዝ አገናኟቸው።

ስኬችአፕ ላይ ለምን ይለያል?

ስኬችአፕ የሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ጣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። መስመርና ገጽ ብቻ ነው ያለው። ተዳፋት ወይም ታዛ ብላችሁ የምታስገቡት ቁጥር የለም። ስለዚህ ማዕዘኑ ካልገጠመ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ጫፉን ይዟል ብላችሁ ስታስቡ ሳይይዝ ቀርቶ ነው። ገጹ አልዘጋ ካለ ከነጥቦቹ አንዷ ከሌሎቹ ገጽ ወጥታለች ማለት ነው።

ርዝመቱን ስትመለከቱ ከቁጥሩ በፊት የሞገድ ምልክት (~) ካለ ልኩ የተጠጋጋ ነው፣ ልክ አይደለም። ይቺ ምልክት ብዙ ነገር ትነግራችኋለች። መጀመሪያ በቴፕ መለኪያው መመሪያ መስመሮች አውጡ፤ የጠርዙን ከፍታ፣ የታዛውን ጫፍ፣ የላይኛውን ጫፍ። ከዚያ ገጹን በነዚያ ላይ ሥሩ። አንዱን ተዳፋት ለብቻው ሠርታችሁ ሌላውን በዓይን ማስጠጋት አያዋጣም።

ታዲያ ከየት ልጀምር?

ጥጉን አትንኩ። መጀመሪያ ከላይ እዩት። የማዕዘን መስመሩ ከጣሪያው ጥግ ነው የሚነሳው ወይስ ከጎኑ? 45 ዲግሪ ነው ወይስ አይደለም? 45 ሆኖ ጥጉን ከሳተ ተዳፋቱ እኩል ነው፣ ችግሩ ታዛው ወይም ከፍታው ላይ ነው። 45 ካልሆነ ወይ ተዳፋቱ ተለያይቷል ወይ ግድግዳው ከስኳድራ ወጥቷል፣ ማለትም ጥጉ 90 ዲግሪ አይደለም። ይቺ አንድ እይታ ብቻ ግማሹን ፍለጋ ታሳጥራለች።

ቀጥሎ በሁለቱ ጎን ሴክሽን ቁረጡና የጠርዙን ከፍታ ለኩ። ልዩነቱ ስንት ነው? 28 ከሆነ እና ተዳፋታችሁ 25 ዲግሪ ከሆነ 60 ሴንቲ የታዛ ልዩነት ፈልጉ። 4 ከሆነ ውፍረቱን ጠርጥሩ። ቁጥሩ ራሱ ወደ መነሻው ይመራችኋል። ከዚያ የያንዳንዱን ጎን መስመር እየመረጣችሁ ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀት ላይ ስትጽፉት ሳይታሰብ የተቀየረው ቁጥር ወዲያው ፊት ለፊታችሁ ይመጣል።

አናጢው ሳይቱ ላይ ያስተካክለው የለም ወይ?

ያስተካክለዋል። ጎበዝ አናጢ ጠርዙ ላይ ሲባጎ ወጥሮ፣ በውሃ ልክ አይቶ፣ የወራጆቹን (ተዳፋቱን የሚሸከሙትን እንጨቶች) ጫፍ በሲባጎው ይቆርጣል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ልዩነት እዚያው ያልቃል። ባህር ዛፍ ራሱ ሲደርቅ ስለሚጣመም ትንሽ ማቻቻል የሥራው አካል ነው።

28 ሴንቲ ሜትር ግን በመቁረጥ አይመጣም። ወይ ወራጁ ሥር ጣውላ ይደረባል፣ ወይ የአንዱ ጎን ተዳፋት በግምት ይቀየራል። ተዳፋቱ ሲቀየር መስመሩ ከ45 ይወጣል። መስመሩ ሲወጣ ለማዕዘኑ የተቆረጠው ቆርቆሮ አይደርስም። ኤጋ ቆርቆሮ ደግሞ በርዝመት ታዝዞ የሚመጣ ከሆነ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ የሚመለስበት የለም።

ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፣ አብዛኛውም በክረምት ነው የሚወርደው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 120 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ ላይ በአንድ ቀን 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,800 ሊትር ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ውሃ ጠርዙ ላይ ይደርስና አሸንዳ ውስጥ ይገባል። ጥጉ ላይ አንዱ ጠርዝ ከሌላው 28 ሴንቲ ዝቅ ካለ አሸንዳው ዞሮ ሊቀጥል አይችልም። ከላይኛው አሸንዳ የሚፈሰው ጥጉ ላይ ግድግዳውን እየመታ ይወርዳል። ቀለሙ ይላጣል፣ መሠረቱ ዙሪያ አፈሩ ይቦረቦራል።

ልዩነቱን አውቃችሁ የተዋችሁት ከሆነ ችግር የለውም። ለያንዳንዱ ጎን የራሱን አሸንዳና የራሱን መውረጃ ቱቦ ስጡት፣ ቱቦውን ከጥጉ አርቃችሁ አሳዩ።

ሥዕሉ ላይ ምን ልጻፍ?

አብዛኛው የጣሪያ ፕላን ላይ ተዳፋቱ ብቻ ተጽፎ ይወጣል። አናጢው የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። ለያንዳንዱ ጎን የጠርዙን ከፍታ ከወለሉ ሌቭል ጻፉለት። ታዛውን ከግድግዳው ውጭኛ ፊት ለክታችሁ ጻፉ፣ ልስኑን ወይም ድንጋዩን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር ግልጽ አድርጉት። የግድግዳው አናት በሁሉም ጎን እኩል ካልሆነ በትልቁ አሳዩት። ተዳፋቱን ከዲግሪው ጎን በአንድ ሜትር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድም ጻፉ፤ ሳይቱ ላይ ሰው የሚለካው በሜትር እንጂ በዲግሪ አይደለም።

ተዳፋታቸው የተለያየ ሁለት ጎኖች የሚገናኙበትን ጥግ ደግሞ በ1፡20 ስኬል ለብቻው አውጡት፤ ከላይ የሚታየውንም ከጎን የሚታየውንም። መስመሩ ከግድግዳው ጥግ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በሁለት ልኬት አሳዩ፣ 60 በዚህ፣ 45 በዚያ። አናጢው ሁለት ሚስማር መትቶ ሲባጎውን በነሱ ላይ ይወጥራል፣ የማዕዘኑን ወራጅም በዚያ ላይ ያቆማል።